ተራ ቁጥር ሦስት

በዚያ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚከፍት ሰው ሁሉ፣ ማብሪያውን ከተጫነ በኋላ፣ ሲፒዩ የሚባለውን ሣጥን ጎኑን በቀኝ መዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርገዋል። ጸሐፊዋ ቀለበቷን አውልቃ ትመታለች። የሰው ኃይል ባለሙያው ስልክ እያወራም ቢሆን አይረሳም። የንብረት ክፍሉ ሹም ደግሞ መዳፉ አካፋ የሚያህል ስለሆነ፣ እሱ ሥራ መጀመሩ ሁለት ክፍል አልፎ ይሰማል። ለጉዳይ የሚመጣው ሰው ይህን አይቶ ግራ ይጋባል እንጂ አይጠይቅም፤ ጉዳዩ በሰው እጅ ያለ ሰው አፉን መሰብሰብ ያውቃል። አዲስ ተቀጣሪም በመጀመሪያው ሳምንት ይገረማል፣ በሁለተኛው ይመታል፣ በሦስተኛው ከእሱ በኋላ ለመጣው ያስተምራል።

ለምን እንደሚመታ የሚጠይቅ ደፋር ቢገኝ መልሱ አንድ ነበር። ደብተሩ ላይ አለ።

ደብተሩ የእትዬ ደብተር ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ቢሆንም፣ በመሥሪያ ቤቱ ያንን ስም የሚያስታውስ የግል ማኅደሯ ብቻ ነው። ሃያ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታለች። መዝገብ ቤቱ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ በሲባጎ የታሰሩ ፋይሎች፣ አንድ ርብራቡ የወለቀ መሰላል፣ ግቢውንና የግቢውን በር የሚያሳይ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ትራሱን ራሷ የሰፋችለት ወንበር አለ። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የተዘጋ ፋይል ጠይቋት፤ አቧራውን እፍ ብላ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ፊታችሁ ታስቀምጠዋለች። ያንን ክፍል ትወደዋለች። ቤቷን የምትወደውን ያህል ነው ቢባል ባሏ ቅር ይለው ይሆናል እንጂ ውሸት አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ግን የታወቀችው በእጅ ጽሑፏ ነው። ፊደሏ አይንጋደድም፣ መስመር አይስትም፣ ለዓይን ደስ ይላል። መከራዋም የመጣው ከዚሁ ነው።

የዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የኮምፒውተር ሥልጠና መጣ በተባለ ጊዜ፣ ዐሥር ሰልጣኝ ለአንድ ኮምፒውተር ተመደበ። አሠልጣኙ ከረባቱ የጠበቀበት፣ በየዐረፍተ ነገሩ መሀል «እንግዲህ ያው ነው» የሚል ሰው ነበር። ሰልጣኞቹ ማሽኑን ከብበው ሲጋፉ አንዱ ዞር ብሎ አያት።

«እትዬ፣ አንቺ ጽሑፍሽ ያምራል። አንቺ ጻፊልን፣ እኛ እናያለን።»

ነገሩ ክብር መሰላት። ከኋላ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ደብተር አወጣች፣ አሠልጣኙ ያለውንና ያደረገውን አንድ ሳታስቀር ጻፈች። አንደኛ፣ ሶኬቱን መሰካት። ሁለተኛ፣ ማብሪያውን መጫን። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነበርና ሲበራ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ይንጫጫል፤ አሠልጣኙ ወሬውን ሳያቋርጥ ጎኑን ሁለት ጊዜ ሲመታው ዝም ይላል። እትዬ ደብተርም ጻፈች። ሦስተኛ፣ በቀኝ እጅ መዳፍ የሣጥኑን ጎን ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረግ። አራተኛ፣ አረንጓዴው መብራት እስኪበራ መጠበቅ። «እንግዲህ ያው ነው» የሚለውን አለመጻፏ የመሥሪያ ቤቱ ዕድል ነው፤ ጽፋው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁሉም እያለው ነበር።

ተራዋ ዐሥረኛ ነበር። የንብረት ክፍሉ ሹም ማውሱን አንዴ ከጨበጠ በኋላ እንደ ርስት ይዞት ግማሽ ቀን ዋለ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የእሷ ተራ ሲደርስ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወንበሩን ስባ ልትቀመጥ ስትል መብራት ጠፋ። አሠልጣኙ ሰዓቱን አየና የቀረውን ቤታችሁ ተለማመዱ አላቸው። ከዐሥሩ አንዱም ቤቱ ኮምፒውተር አልነበረውም። ዐሥሩም ግን ሰርተፍኬት ተሰጣቸው።

በማግሥቱ ደብተሩ ፎቶኮፒ ተደረገ። በሳምንቱ የፎቶኮፒው ፎቶኮፒ ወጣ። ሁለተኛ ሥልጠና መጣ፤ «እትዬ አለች አይደል፣ እሷ ትጽፋለች» ተባለ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሰባተኛው እንደዚያው ሆነ። ከኋላ ወንበር፣ በደብተርና በእስክሪብቶ፣ ሰባት ሰርተፍኬት ሰበሰበች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የእሷ ላም ማኅተም ያረፈባት መሆኗ ብቻ ነው።

ሰው ከየክፍሉ እየደወለ የጠፋበትን ጽሑፍ እንዴት እንደሚያመጣ፣ ፊደል እንዴት እንደሚያተልቅ ይጠይቃታል። እሷ ገጽ ገልጣ ታነብለታለች፣ እሱ በዚያኛው ጫፍ ይሞክራል፣ ይሳካል። «እትዬ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» ይሏታል። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ያለው ጠረጴዛ ላይ ማኅተም፣ መርገጫ፣ የወጪ መዝገብና አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። ኮምፒውተር የለም። መዝገብ ቤት የወረቀት ቦታ ነው ተብሎ ከዕደላው ተዘሏል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ቀን ብቻዬን ገብቼ እሞክራለሁ ትል ነበር። ዝናዋ ሲበዛ ግን ነገሩ ከባድ ሆነ። ያልተማረ ሰው ቢሳሳት ማንም አይገረምም። አዋቂ ተብሎ ዐሥራ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው ማውስ አያያዝ ቢያቅተው ግን ወሬው ጡረታው ድረስ ይከተለዋል። ስለዚህ ፈራች። ሌላ ምክንያት የላትም፤ ፈርታ ነው።

ባሏ አናጺ ነው። ለሰባቱም ሰርተፍኬት ከጠንካራ እንጨት ፍሬም ሠርቶ፣ መስታወት ገጥሞ፣ ሳሎን ውስጥ በውሃ ልክ እየለካ ሰቅሎላታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀስሮ፣ የእኔ ሚስት የማትከፍተው ኮምፒውተር የለም ይላል። እሷም ያን ጊዜ ወደ ጓዳ ትገባለች። እንግዳው ትሕትና ይመስለዋል።

እንዲህ እያለ ሲኖር አዲስ ኃላፊ ተሾመ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስብሰባ ቆሞ የሚመራ ሰው ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ መዝገብ ቤቱ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ይገባል አለ። ከዚያ በፊት ግን ሠራተኛው አንድ በአንድ በተግባር ይፈተናል። ፈታኟ ከውጭ ትመጣለች፣ ጊዜው ሦስት ሳምንት ነው፣ የወደቀ ከከተማው ዳር ወዳለው መጋዘን ይዛወራል። መጋዘኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ የተሰበረ ወንበርና ያለቀለት ጎማ የሚቀመጥበት፣ ሰውም ሲቀመጥበት እነሱን የሚመስልበት ቦታ ነው።

«ወረቀት አላይም፤ የማየው እጅ ነው» አለ ኃላፊው። ቀጥሎ ፊቱ በራ። «እትዬ ግን አታሳስበኝም። ሰባት ሰርተፍኬት! እሷ መጀመሪያ ትፈተንና ለሌላው አርአያ ትሁን። አዲሱን መዝገብ ቤትም እሷ ትመራዋለች።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ወንበሯ ከነትራሱ፣ መስኮቷ፣ መደርደሪያዎቿ ከዓይኗ ፊት ወደ መጋዘን ሲጫኑ ታዩዋት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለጭብጨባው አንገቷን ዝቅ አደረገች።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ወደ ጸሐፊዋ ክፍል ገባች። ኮምፒውተሩ ክፍት ነበር፤ አራቱን ተራ ቁጥሮች ተገላገለች። ደብተሯን ገለጠች። «ማውሱን ወደ ቀኝ በማንቀሳቀስ ቀስቱን ወደ ተፈለገበት ቦታ ማድረስ» ይላል። ጨበጠች፤ ዕንቁላል የያዘች ያህል ተጠነቀቀች። ወደ ቀኝ ወሰደችው። ቀስቱ ትንሽ ሄደ። አሁንም ወሰደችው። ቀስቱ ገና ስክሪኑ አጋማሽ ላይ ሳለ ማውሱ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ደረሰ። ግራ ገባት። ገጹን ቁልቁል አነበበች፣ ገልብጣ አነበበች፣ ስለ ጠረጴዛ የተጻፈ የለም። ትንሽ ስትገፋው ማውሱ ከጠረጴዛው ወርዶ በገመዱ ተንጠለጠለ። ያን ጊዜ በሩ ላይ ሰው ተሳለ።

ጋሼ ዘብ ናቸው። የግቢው በር ጠባቂ፣ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ምሳ ሰዓት ላይ የክፍሎቹን በር እየገፉ የሚያዩ። ከሰባቱ ሥልጠናዎች አንዱም አልደረሳቸውም፤ ጥበቃን አይመለከትም ተብሎ ነው።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

ልትዋሽ አስባ ነበር። የተንጠለጠለውን ማውስ አየችና ውሸቱ አልመጣ አላት።

«ጠረጴዛው አለቀብኝ፣ ጋሼ።»

አልሳቁም። ገመዱን ጎትተው ማውሱን አወጡ፣ ከፍ አድርገው አነሡት፣ መልሰው መሀል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ቀስቱ የነበረበት ቦታ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ሲያልቅ ታነሺያታለሽ» አሉ። «ነገ ምሳ ሰዓት በር ላይ ነይ። ያንን ደብተር ግን ተይው።»

ሰባት ሥልጠና፣ መቶ አርባ ገጽ፣ ሲያልቅ ታነሺያታለሽ የሚል አንድ መስመር የለውም። እንዴት ይኖረዋል? ጠረጴዛ ያለቀበት ሰው እንጂ ከኋላ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ይህን አይጠይቅም።

የበሩ ቤት ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት የቆርቆሮ ክፍል ነው። የገቢና ወጪ እንግዳ መመዝገቢያ፣ ትንሽ ሬዲዮ፣ ከጥግ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር። የቀድሞው ኃላፊ እንግዳ በኮምፒውተር ይመዝገብ ብሎ አስመጣው፣ ከዚያ ኃላፊው ተዛወረ፣ ኮምፒውተሩ ቀረ። ጋሼ ዘብ እንግዳውን በእስክሪብቶ እየመዘገቡ፣ ኮምፒውተሩን ስድስት ዓመት ሙሉ ካርታ ሲጫወቱበት ኖረዋል። የማንም ምክር አላገኙም። ነካኩ፣ ጠፋባቸው፣ መልሰው ነካኩ፣ ተገኘ።

ደብተሯን ይዛ መጣች። ልማድ ነው። ከእጇ ተቀብለው መመዝገቢያው ላይ አስቀመጡና ኮፍያቸውን ደፉበት።

«ጥቁሩን በቀዩ ላይ፣ ቀዩን በጥቁሩ ላይ» አሉ። ትምህርቱ ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን እጇ በላብ ራሰ። ካርታውን ይዛ ሳትደርስ ትለቀዋለች፤ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለቴ ጫን በተባለበት ቦታ አንዴ ትጫንና በሁለተኛው ማውሱ ይሸሻታል። ጣቷን አንቆ የያዛት ያለ ይመስል ደርቃ ትቀራለች። ጋሼ ዘብ እጃቸውን አይሰዱም፤ እግራቸውን ዘርግተው ሬዲዮ ይሰማሉ። ምን ላድርግ ስትላቸው፣ እስኪ አንድ ነገር አድርጊ ይሏታል። ከተበላሸስ? ትላለች። ካርታ ነው፣ ምን ይበላሻል፣ ይሏታል። በሳምንቱ ሠላሳ ጊዜ ተሸንፋ ነበር። በሠላሳ አንደኛው ካርታዎቹ ሁሉ በተራቸው ተደርድረው ስክሪኑ ላይ መዝለል ሲጀምሩ ተነሥታ ቆመች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት በካርታ ጨዋታ አለቀሰች ብሎ የሚስቅ ካለ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሰውን በስልክ መንገድ ሲመራ ኖሮ አንድም ቀን ሄዶ ያላየ ሰው ምን እንደሚሰማው አያውቅም።

በሁለተኛው ሳምንት የእንግዶቹን መዝገብ እያየች ስም ትጽፍ ጀመር። አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋ ሳታስቀምጥ ዘጋችው፤ ጠፋ። ሴቭ ማድረግ በደብተሯ ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት ተጽፏል። የጻፈችው እሷ ናት።

«አሁን አወቅሽው» አሏት ጋሼ ዘብ። ከዚያ ወዲህ አልረሳችም።

ትልቁ ጉድ የወጣው ግን አንድ ሰኞ ነው። መብራት ጠፍቶ ኖሮ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው። ጋሼ ዘብ ማብሪያውን ጫኑና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እሷ ጠበቀች። ምንም አላደረጉም።

«ጋሼ፣ አይመቱትም እንዴ?»

«ምን አድርጎኝ?» አሉ።

ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። የዚያ የባለ ከረባቱ ሰውዬ ማሽን ጩኸት ጆሮዋ ውስጥ መጣ፤ የሚንጫጫው ነገር፣ ሰውዬው ሳያስበው የሰነዘረው መዳፍ፣ ከዚያ ጸጥታው። ለዚያ ማሽን ብቻ ነበር። ለዚያ አንድ ለተበላሸ ማሽን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እነሆ ወረቀቱ የእሷ ነው፣ እሱን የያዘ መሥሪያ ቤት ሙሉ ሰውም ይኸው ዐሥራ ሁለት ዓመት ሣጥን እየደበደበ ነው። ጋሼ ዘብ ያልመቱት ያልሠለጠኑ ስለሆኑ ነው። እሷም መምታት ያልለመደችው ነክታ ስለማታውቅ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ንጹሕ እጅ ያላቸው ሁለቱ ብቻ ሆኑ።

ልንገራቸው ብላ አሰበች። ብትናገር አንድ ጥያቄ እንደሚከተል ታውቃለች፤ ታዲያ እስከ ዛሬ አንቺ ስትከፍቺ አላስተዋልሽም ነበር? ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አለች። ቢመቱትስ ማንን ገደለ?

የፈተናው ቀን ሠራተኛው ሁሉ ኮሪደር ላይ ተሰልፎ በመስታወቱ በር አሻግሮ ያያል። ፈታኟ ወጣት ናት፤ ስስ ላፕቶፕና አንድ ማውስ ይዛ መጥታለች። እትዬ ደብተር ገብታ ተቀመጠች። ደብተሯ መዝገብ ቤት ቀርቷል። ማብሪያውን ተጫነች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ከመስታወቱ ወዲያ ጉርምርምታ ተሰማ። አቃፊ ፍጠሪ ተባለች፣ ፈጠረች። ደብዳቤ ጻፊ ተባለች፣ ጻፈች፣ ሴቭ አደረገች። ዝጊና ፈልገሽ አምጪ ተባለች። በመሀል ጠረጴዛው አለቀ፤ ማውሱን አነሣችና መሀል መለሰችው። ጣቷ የሚሄድበትን ያውቃል። ከተሰጣት ዐሥራ አምስት ደቂቃ በዐሥራ አንደኛው ጨረሰች።

«ጥሩ ነው። ቀጣይ» አለች ፈታኟ።

ስትወጣ የንብረት ክፍሉ ሹም ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ሦስተኛውን ዘለልሽው እኮ። ዕድለኛ ሆነሽ ከፈተልሽ» አላትና ገባ።

ተቀመጠ። ማብሪያውን ተጫነ። በስተቀኙ ሣጥን ፈለገ፣ የለም። ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አየ፣ የለም። ትንሽ አሰላሰለና፣ ሌላ ጎን የሚባል ነገር ስላጣ፣ የስክሪኑን ጀርባ በዚያ መዳፉ ሁለት ጊዜ መታው። ላፕቶፑ በሆዱ ተደፋ። ፈታኟ ዘልላ አንሥታ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

ቀጥሎ የሆነው ፈጣን ነው። ኃላፊው ተጠራ። ፈታኟ በዕቃዬ ላይ እጁን የሚያነሣ ሁሉ እዚያው ወድቋል አለች። ሹሙ አጥብቆ ተከራከረ፤ ከአእምሮዬ አላመጣሁትም፣ ደብተሩ ላይ አለ አለ። የምን ደብተር ስትል፣ ኮሪደሩ በሙሉ ወደ እትዬ ደብተር ዞረ።

ኃላፊው ቸር ሰው ነው፤ ማምለጫ በር ከፈተላት። «ይህ ለድሮው ሞዴል የሚሆን ነው አይደል፣ እትዬ? ለአዲሱ አያስፈልግም ማለት ነው።»

አዎ ብትል አለቀ። ፈተናውን አልፋለች፣ ወንበሯ የእሷ ነው፣ ስሟ እንደተከበረ ነው፣ ሳሎን ያሉት ሰባቱ ፍሬሞችም ከነክብራቸው እንደተሰቀሉ ናቸው። ከንፈሯ «አ» ለማለት ተከፍቶ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የቆሙትን አየች፤ ዐሥራ ሰባት ሰው፣ ዐሥራ ሰባት ቀኝ እጅ። ጸሐፊዋ ቀለበቷን አስቀድማ አውልቃ በሌላው እጇ ይዛለች። ለአዲሱ ሞዴል ደግሞ አዲስ ደብተር ጻፊልን እንደሚሏት ታወቃት።

«አይደለም» አለች። «ለድሮው ሞዴል አይደለም፤ ለአንድ ለተበላሸ ማሽን ነው። አሠልጣኙ ሲመታው አየሁና ጻፍኩ። ለምን እንደመታው አልጠየቅኩም። ነክቼው አላውቅማ። ኮምፒውተር በእጄ የነካሁት የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው፤ በር ላይ፣ ጋሼ ናቸው ያስነኩኝ።»

አንድ ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያይ ተወው። ጸሐፊዋ ቀለበቷን ቀስ ብላ መልሳ አጠለቀች። ኃላፊው ጠዋት ቢሮው ሲገባ ያደረገው ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ መዳፉን አንዴ አየና ኪሱ ውስጥ ከተተው። እትዬ ደብተር አፍራለች፣ ጆሮዋ ድረስ አፍራለች፤ ግን ደግሞ ከትከሻዋ ላይ የሆነ ሸክም ወርዶላታል።

ፈታኟ ወረቀቷን አየች። «እኔ የፈተንኩት የዛሬውን እጅ ነው። አልፈሻል» አለቻት።

አሁን ሁሉም ያውቃል፤ ሦስተኛው ተራ ቁጥር ተሰርዟል። ማወቅ ብቻውን ግን ምን ያደርጋል? ዐሥራ ሁለት ዓመት የሠለጠነ እጅ በአንድ ማስታወቂያ አይመለስም። የሰው ኃይል ባለሙያው ቀኝ እጁን ከመቀመጫው ሥር ቀብሮ በግራው ሊሠራ ሞከረ። ሌላዋ ላፕቶፑን ላለመምታት ጠረጴዛውን መታችና ይቅርታ ጠየቀች። ከዐሥራ ሰባቱ የዐሥራ አንዱ እጅ ተነሣ። ዐሥራ አንድ ሰው መጋዘን ቢላክ ለጎማዎቹ ቦታ አይኖርም፤ ስለዚህ ፈተናው ከወር በኋላ ይደገማል ተባለ። ኃላፊው ራሱ ይፈተን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፍሬሞች አንድ በአንድ አየ።

«ሰባቱንም?» አለ።

«ሰባቱንም።»

ራሱን ነቀነቀ። «ፍሬሙ እንኳ ጥሩ እንጨት ነበር» አለና ትንሽ ቆይቶ፣ «ለጎረቤት ብቻ አትንገሪ» አላት።

በማግሥቱ የመዝገብ ቤቱ በር አላረፈም። የተናደደባት ነበረ፣ ያዘነላት ነበረ፣ ሁሉም ግን የመጣው ለአንድ ነገር ነው፤ እትዬ፣ ትክክለኛውን ጻፊልን። ተቀመጠች፣ ንጹሕ ወረቀት ወሰደች፣ በዚያ በሚያምረው ጽሑፏ ሁለት መስመር ጻፈች። «ምሳ ሰዓት፣ በር ላይ። ደብተር ይዞ መምጣት ክልክል ነው።»

ፎቶኮፒ አድርገው ተከፋፈሉት።

ኃላፊው የበሩን ቤት የሥልጠና ማዕከል ብሎ በደብዳቤ ሰየመው። ደብዳቤው ሲነበብላቸው ጋሼ ዘብ የጠየቁት ካርታውን ማንም እንዳይነካባቸው ብቻ ነው። አሠልጣኝ ይባሉ ሲባል ሰርተፍኬት የላቸውም ተባለ፤ ነገሩ እስከ ዛሬ በመታየት ላይ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ እሳቸው በሩን ይጠብቃሉ፣ እትዬ ደብተር ከተማሪው ጎን ትቀመጣለች። እንደ እሳቸው ሁሉ እሷም እጇን አትሰድም።

መጀመሪያ የመጣው የንብረት ክፍሉ ሹም ነው። ፎቶኮፒውን በላስቲክ ማቀፊያ አድርጎ ይዞታል፤ ኮፍያ ተደፋበት። ወንበሩ ጠበበው፣ ላቡን ጠረገ፣ ያ በመጀመሪያው ሥልጠና ማውሱን ግማሽ ቀን ያልለቀቀ ሰው ዓይን ዓይኗን አየ።

«እሺ እትዬ፣ ከየት ልጀምር?»

«ክፈተው።»

ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ ገና ጥቁር ነው። ሁለቱም ሲጠብቁ፣ ሹሙ ሳያውቀው፣ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ እንደተተከለ፣ ያ ሰፊ መዳፉ ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ ሣጥኑ ጎን ሄደ። እትዬ ደብተር የጋሼ ዘብን ደንብ አልጠበቀችም። እጇን ዘርግታ፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት በገዛ እጇ የጻፈችውን ነገር አየር ላይ ያዘችው፤ ከዚያ አውርዳ ማውሱ ላይ አስቀመጠችው።